እህትሽ አሜሪካ ናት? ፎርሙ ላይ ጻፊያት

(ለቱሪስት ቪዛ ለሚያመለክቱ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ሰው መቼም ስብሰባ ላይ ፊት መቀመጥ አይወድም።

በቀጥታ ልግባ። የአሜሪካ ቱሪስት ቪዛ ፎርም ለሰው መሙላት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉ በላይ የሰማሁት ጥያቄ «እዚያ ዘመድ አለኝ ብል አይከለክሉኝም?» የሚለው ነው። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቀው። ጠያቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ነግሮታል፣ ወይ ቪዛ የተመታለት ጎረቤት መክሮታል፣ አንዳንዴ እንዲያውም ራሷ እህትየው ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ «እኔን እንዳትጽፈኝ» ብላዋለች። እኔ ጋ የሚመጣው እንዳጸድቅለት ብቻ ነው።

አላጸድቅም። ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የማወራው። ጠበቃ አይደለሁም፤ የጠበቃ ነገር ሲመጣ «ጠበቃ ጋ ሂዱ» እላችኋለሁ።

መጀመሪያ ፎርሙ ምን እንደሚጠይቅ እንይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚፈራው አንብቦት የማያውቀውን ነገር ነው። ዲኤስ-160 ይባላል። ኦንላይን ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚሞላው። የቤተሰብ ገጹ ላይ የአባትና የእናት ስምና የልደት ቀን ይጠይቃል፣ እነሱ አሜሪካ ይኑሩ አይኑሩ ይጠይቃል። ቀጥሎ ከወላጅ ሌላ የቅርብ ዘመድ እዚያ አለ ወይ ይላል። የቅርብ ዘመድ የሚለው ማንን እንደሆነ እዚያው ጽፎታል፦ ባል ወይም ሚስት፣ እጮኛ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት። በቃ። አለ ካላችሁ ስም፣ ዝምድናና እዚያ ያለበትን ሁኔታ ትሞላላችሁ፤ ሲቲዝን ነው፣ ግሪን ካርድ አለው፣ በጊዜያዊ ቪዛ ነው፣ ወይ ሌላ ወይም አላውቅም። አዎ፣ «አላውቅም» የሚል ምርጫ አለ። የእውነት ለማያውቅ ሰው ነው የተቀመጠው፣ በየሳምንቱ በቫይበር ለሚደዋወል ወንድም አይደለም።

የቅርብ ዘመድ ከሌላችሁ «ሌላ ዘመድስ?» ይላል። እዚህ ላይ አዎ ወይም የለኝም ብቻ ነው፣ ስም እንኳ አይጠይቅም። የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ የአያት ወንድም፣ ለዚህ ሁሉ አንድ «አዎ» ይበቃል። ለዚህች «አዎ» ነው እንግዲህ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው። በነገራችን ላይ ዱባይ ወይም ቤሩት ያለችውን እህታችሁን ይህ ፎርም አይጠይቅም። ኤምባሲ መስኮት ላይ ኢንተርቪው የሚያደርጋችሁ ቆንስል ከጠየቀ ግን መልሱ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ። «ለአንተ የኢሚግራንት ፔቲሽን ያስገባ ሰው አለ ወይ?» ይላል። አሜሪካ ሄደህ እንድትኖር የሚገባልህ ማመልከቻ ማለት ነው፣ እኛ «ኬዝ» የምንለው። ወንድም ሲቲዝን ሆኖ የዛሬ ስንት ዓመት «ኬዝ ከፍቼልሃለሁ» ብሎ ነበር። የወንድምና የእህት ኬዝ ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚፈጅ ነገሩ ተረሳ። አመልካቹ «የለም» ብሎ ያልፋል። ኬዙ ግን ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ስለዚህ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ወደ ውጭ ደውሉና ማን ምን አስገብቶላችሁ እንደነበር ጠይቁ።

አሁን ፍርሃቱ ከየት መጣ? ከሜዳ አልመጣም። በፈረንጆች 1952 የወጣው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ለቱሪስት ቪዛ የሚያመለክተውን ሰው፣ ሌላ መሆኑን እስኪያሳምን ድረስ፣ እዚያው ሊቀር እንደሚሄድ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ማሳመኑ የእናንተ ሥራ ነው። ቆንስሉ ምንም የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም። ሰው ታዲያ «እህቴ እዚያ እንዳለች ካወቁ፣ ይቺ እህቷ ጋ ልትቀር ነው ይሉኛል» ብሎ ያስባል። እህትየው ራሷ በቱሪስት ቪዛ ሄዳ አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ጠይቃ የቀረች ከሆነችማ ጭራሽ። አላታልላችሁም፣ ይህ ነገር ከባድ ነው። እውነቱን ተናግረው የተከለከሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ጻፉ የምላችሁ ቪዛ ያስገኛል ብዬ አይደለም።

ግን የሚደብቅ ሰው የማይታየው ነገር አለ። እህቱን ከፎርሙ ሲያወጣ የሚሄድበትንም ምክንያት አብሮ ነው የሚያወጣው።

እስቲ አንዲት እናት አስቡ። ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት፣ ከደብረ ብርሃን። ከአገር ወጥተው አያውቁም። ልጃቸው ቨርጂኒያ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፣ እሳቸው ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። አሁን ልጅቷን ከፎርሙ አወጣናት። ምን ቀረ? ማንንም ሳያውቁ፣ ቋንቋውን ሳይችሉ፣ ስሙን መጥራት የማይችሉት ሆቴል ተይዞላቸው፣ በክረምት ዋሽንግተንን ሊጎበኙ የሚሄዱ እናት። እኔ አላምንም። ቆንስሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የሚውል ሰው ነው።

መስኮቱ ላይ የሚሆነው ይኸ ነው፦

«ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?»

«ልጎበኝ።»

«ምን ይጎበኛሉ?»

«ዋሽንግተንን።»

«ወጪውን ማን ነው የሚችለው?»

«ልጄ... ማለቴ፣ የዘመድ ልጅ።»

«ዘመድ አለዎት? እዚህ የለኝም ነው ያሉት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሳቸው ሲናገሩ ቆንስሉ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ ነው። ኢንተርቪው በአማርኛ ማድረግ ስለሚቻል «ጥያቄው አልገባኝም ነበር» ማለትም ሩቅ አያስኬድም።

ያችኑ እናት በእውነቱ እናቅርባቸው፦

«ልጄ ልትወልድ ነው፣ ላርሳት ነው የምሄደው።»

«ልጅዎ እንዴት ነበር የሄደችው?»

«ዲቪ ደርሷት። ነርስ ናት አሁን።»

«እስከ መቼ ይቆያሉ?»

«ክርስትና እስኪነሳ። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባለቤቴ ብቻውን ነው፣ ከብቶቹም አሉ። ማን ይይዝልኛል?»

ይህ ጉዞ ምክንያት አለው፣ የሚያልቅበት ቀን አለው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ቪዛው ላይመታ ይችላል። ግን ከመስኮቱ ሲመለሱ ምንም አልተበላሸባቸውም። በ214(ቢ) የተከለከለ ሰው ነገሮች ሲለወጡለት ተመልሶ ማመልከት ይችላል። የሚከስረው የማመልከቻ ክፍያውን፣ 185 ዶላሩን ነው፤ ከፈረንጆች 2023 ጀምሮ ዋጋው ይኸው ነው፣ አይመለስም። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ በዛሬው ምንዛሬ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

መልሳችሁን አዘጋጁ ስል ታዲያ አጥኑ ማለቴ አይደለም። ግን ስለ ልጃችሁ ወይም ስለ ወንድማችሁ መሠረታዊውን እወቁ። በምን ሄደ፣ መቼ ሄደ፣ የት ከተማ ነው፣ ምን ይሠራል። የሚገርማችሁ ብዙ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፣ «ሥራ ላይ ነው» ብቻ ነው የሚባለው። ይህን ሳያውቁ ሲቀሩ ደግሞ የደበቁ ይመስላሉ። ፎልደር ሙሉ የቤት ካርታና የባንክ ስቴትመንት ይዞ ገብቶ ልጁ የት ከተማ እንዳለ ያልመለሰ አባት አውቃለሁ። ፎልደሩን የከፈተለት የለም።

ወደ ውሸቱ ልመለስ። ተከልክሎ መምጣትና ዋሽቶ መያዝ ለየቅል ናቸው። አንቀጽ 212(ኤ)(6)(ሲ) የሚባል አለ። ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ፣ ለውሳኔው ፋይዳ ያለው ነገር ላይ የዋሸ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ይከለከላል። የጊዜ ገደብ የለውም፣ ዕድሜ ልክ ነው። ስህተት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ተምታቶበት የአባቱን የልደት ዓመት ያሳሳተ ሰው አይደንግጥ። ያልተጠየቁትን አለመናገርም በራሱ ውሸት አይባልም። ግን «እህት አለሽ?» ተብሎ «የለኝም» ማለት ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸ ነው።

እኚያ እናት ልጅ የለኝም ብለው ተያዙ እንበል። ጥቂት ዓመት አለፈ፣ ልጅቷ ሲቲዝን ሆነች። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሲቲዝን ለእናቱ ኬዝ መክፈት ይችላል፣ የወላጅ ኬዝ ደግሞ እንደ ወንድምና እህት የዓመታት ወረፋ የለበትም። ልጅቷ ደስ ብሏት ትከፍታለች። እናት ኢንተርቪው ይቀርባሉ። የድሮው ፎርም ይመጣል፣ የዕድሜ ልክ እገዳው ይመጣል። ጠበቃ ይያዛል። ጠበቃው ዌይቨር የሚባል የይቅርታ መንገድ እንዳለ ይነግራቸዋል፤ መንገዱ ግን የሚከፈተው የእሳቸው መከልከል ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ባለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ነው። የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ። ልጅ የለበትም። የስድሳ አምስት ዓመት ሴት ሲቲዝን የሆነ እናትና አባት ከየት ያመጣሉ? ባላቸው ደብረ ብርሃን ናቸው። ለቱሪስት ቪዛ ተብላ የተካደችው ልጅ እናቷን የምታመጣበት በር እንዲህ አድርጎ ነው የሚዘጋው። «እንዳትጽፈኝ» ብላችሁ የምትደውሉ ልጆች፣ ይህን የምነግራችሁ ለእናንተ ነው። ቀረጻው ይላክላቸው።

«እንዴት ያውቃሉ?» ትሉኛላችሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ፈረንጅ አይለይም የሚል ወሬ አለ። እስቲ እንየው። ወንድምና እህት የአባትም የአያትም ስማቸው አንድ ነው፣ የእናት ስም ደግሞ ፎርሙ ላይ ይጻፋል። አሳይለም የጠየቀች እህት የሞላችው ፎርም የወላጆቿንና የወንድም እህቶቿን ስም በዝርዝር ያስጽፋል። በዲቪ የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛውንና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ልጆቹን ሁሉ ማስመዝገብ አለበት። ራሳችሁ ከዚህ በፊት የሞላችሁት ፎርም አለ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ዲኤስ-160 የሶሻል ሚዲያ ስማችሁን ይጠይቃል፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት። ፌስቡካችሁ ላይ «የኔ እህት እንኳን ለሲቲዝንሽ አበቃሽ» ብላችሁ ባንዲራ ይዛ የቆመችበትን ፎቶ ከለጠፋችሁ በኋላ እህት የለኝም ትላላችሁ!

እድል ቀንቶት ያለፈ ሰውም አላለፈም። ደለስ ኤርፖርት ሲወርድ ሌላ ኦፊሰር አለ። «የት ነው የምታርፈው?» ይላል። ሆቴል። «ሆቴሉን ማን ያዘልህ? ውጭ ማን ይጠብቅሃል?» ስልክ ያስከፍታሉ፣ ይህን ማድረግ ይችላሉ። ቫይበሩ ላይ «ወንድሜ ሻንጣውን ስትወስድ ደውል» የሚል መልእክት አለ። ከዚያው ቪዛው ተሰርዞበት በመጣበት የሚመለስ አለ።

ሌላም አለ። በፈረንጆች ሐምሌ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የቱሪስት ቪዛ ወደ አንድ ጊዜ መግቢያና ሦስት ወር አወረደችው። ሦስት ወሩ ለመግቢያ ነው፣ የቆይታውን ጊዜ ኤርፖርት ላይ ነው የሚወስኑት። ይህ ማለት እናታችሁ በሄዱ ቁጥር አዲስ ፎርም ይሞላሉ፣ አዲሱም ከድሮው ጋር ይተያያል። ዘንድሮ ሦስት ልጅ፣ ለከርሞ ሁለት ልጅ አይሆንም።

ስለ ፎርም ሞዪዎች አንድ ነገር ልበል፣ የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ። «አዎ» ስትሉ ፎርሙ ሌላ ሳጥን ይከፍታል፣ ስም ጻፍ፣ ዝምድና ጻፍ ይላል። «የለም» ስትሉ ያልፋል። ደጅ ላይ አሥር ሰው ተሰልፎበት በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ገምቱ። አንዳንዱ ሳይጠይቃችሁ ነው የሚሞላው። መጨረሻ ላይ ግን ፎርሙ ሰው ረድቶህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ፊርማውም የእናንተ ነው፣ ኃላፊነቱም። ሳይን ከማድረጋችሁ በፊት እያንዳንዱን መልስ በአማርኛ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ፕሪንት አስደርጋችሁም ቤት አስቀምጡ። የሚያኮርፍ ከሆነ ያኩርፍ፣ ሌላ ጋ ሂዱ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሐበሾች ጉድ ልግባ። እኛ አብሮን ያደገውን ሁሉ ወንድም ነው የምንለው። የአክስት ልጅ ወንድሜ ነው፣ አክስት እናቴ ናት። ቤት ውስጥ ደስ ይላል፣ ፎርም ላይ ግን ችግር ነው። የአጎቱን ልጅ ወንድሜ ብሎ የጻፈ ሰው ገጥሞኛል፣ ቆንስሉ የአባት ስም ለምን ተለያየ ብሎ ሲይዘው ላብ በላብ ሆነ። በሌላ በኩል በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ የምትገናኙት ወንድም ነው፣ ይጻፋል። አባትየው ከትዳር ውጭ የወለደው፣ ቤት ውስጥ ስሙ የማይነሳ ልጅ አሜሪካ ካለስ? እናትየው ባይሰሙ ደስ ይለን ነበር፣ ግን ካወቃችሁ ወንድም ነው።

ከዚህ የባሰው የወረቀት ልጅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ያውቃል፣ እጅ አውጡ አልላችሁም። አጎት የእህቱን ልጅ ልጄ ነው ብሎ አስመዝግቦ ይዞት ሄደ። ክፋት አልነበረውም፣ ልጁን ሊያሳድገው ነው። ዛሬ ልጁ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የወለደችው እናቱን አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። እናት ፎርም ልትሞላ መጣች። «አሜሪካ ልጅ አለሽ?» አለኝ ካለች ወንድሟም ልጇም ሊጠየቁ ነው። የለኝም ካለች ራሷን አሰረች። ለዚህ እኔ መልስ የለኝም፣ ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅም የለውም፤ አለኝ የሚላችሁ ደላላ ካለ ሽሹት። ይህ እዚያ ያሉት ሰዎች የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይዘው፣ ሁሉም ተመካክሮበት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሚነካ ነገር ነው። እስከዚያ ልጁ ይምጣና ይያት። ማመልከት ግዴታ አይደለም እኮ።

ስለ ሌሎች አገሮች በአጭሩ። ካናዳ የቤተሰብ ፎርሟ አብሯችሁ የማይሄደውንም ቤተሰብ ያስጽፋል። በሐሰት የተያዘ አምስት ዓመት ይታገዳል፤ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ሲገባ ያላስመዘገበውን ልጅ ወይም ሚስት ኋላ በቤተሰብ ልውሰድ ቢል ሕጉ ይከለክለዋል። እንግሊዝ እዚያ ቤተሰብ አለህ ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ በማታለል የተያዘ አሥር ዓመት ሊታገድ ይችላል። ሸንገን፣ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ማለት ነው፣ እንደ አሜሪካ ወንድም እህት አያስቆጥርም፣ የሚጋብዛችሁን ሰው ነው በደንብ የሚጠይቀው። አንድ ደግ ነገር አለው፦ ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ይግባኝም ይቻላል። አሜሪካ ላይ የቱሪስት ቪዛ ይግባኝ የለም።

ጥያቄ ካለ እንቀበል ብዬ ነበር፣ ከተጠየቁት ሁለቱን እዚህ ልጻፋቸው።

አንድ ወጣት፦ «ወንድሜ እዚያ ወረቀት የለውም። ብጽፈው አስይዤው አይሆንም?»

ተገቢ ስጋት ነው፣ በተለይ አሁን። የምመክርህ መጀመሪያ እሱን አማክረው፣ ጠበቃውንም ይጠይቅ። ከተስማማ ዝምድናውን ጻፍ፣ ስለ ሁኔታውም የምታውቀውን በእውነት ሙላ። ካልተስማማ አታመልክት። «የለኝም» የሚለው ምርጫ ግን ለአንተ የለም። ወንድምህን ለማዳን ብለህ የዋሸኸው ውሸት ተመዝግቦ የሚቀመጠው በአንተ ስም ነው።

ሁለተኛዋ ከኋላ የተቀመጠች ሴት ናት፦ «ፎርሙ ተሞልቶ አልቋል፣ እህት የለኝም ነው የሚለው፣ ኢንተርቪው ግን ገና ነው። ምን ላድርግ?»

አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ሕጉ ሳይደርሱበት፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ፣ በራሱ ፈቃድ ውሸቱን ያነሳን ሰው እንደ ዋሸ አይቆጥረውም። ተይዘሽ ካመንሽ ግን አይሠራም፣ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ አዲስ ዲኤስ-160 ሙዪ፣ እህትሽን በሙሉ ስሟ ጻፊ፣ የአዲሱን ኮንፈርሜሽን ቁጥር ቀጠሮሽ ላይ አስተካክይ፣ ይህንንም ለመጨረሻው ቀን አታቆዪው። መስኮቱ ላይ ስትደርሺ ቆንስሉ እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ፣ «የመጀመሪያው ፎርሜ ላይ እህቴ አልተጻፈችም ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» በይው። ለምን አልተጻፈችም ካለሽም እውነቱን ንገሪው፤ ፈርቼ ነው በይ። ቀጠሮሽ መቼ ነው? የሚቀጥለው ሳምንት? እንግዲያው ፓስፖርትሽንና የድሮውን ኮንፈርሜሽን ይዘሽ ነገ ጠዋት ነይ። እህትሽንም ማታ ደውይላትና ስሟ ግሪን ካርዷ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ፎቶ ትላክልሽ፤ እዚያ ሲደርስ ፊደሉ የሚለወጥበት ሰው ብዙ ነው።